አምስት መቶ ሜትር

ሐሙስ ማታ፣ ቢሮው ባዶ፣ መስኮቱ ላይ ዝናብ፤
ካርታው ፊት ተጎልቼ ክብ ስስል፣ ሰው ሳነብ።
በያንዳንዱ ጣቢያ፣ በቀላል ባቡሩ ማቆሚያ፣
አምስት መቶ ሜትር፣ እንደ ድንኳን ጣሪያ፣
እዘረጋለሁና ከላይ ቁልቁል አያለሁ፤
«ስንት ሰው ያድራል እዚህ ጥላ ስር?» እላለሁ።

ቆጠራው ይመልሳል። ቆጠራው ጨዋ ነው፤
በር አያንኳኳም እሱ፣ ያንኳኩት ሌሎች ናቸው።
ሰዉን ለመሬቱ፣ ለሄክታር ስፋቱ
አካፍዬ ስጨርስ ይወጣል ጥግግቱ፦
ቀዩ፣ የጠቆረው፣ ሰው በሰው ያለበት፤
ቢጫው፣ የነጣው፣ ንፋስ የሚያድርበት።

አለቃዬ ያኒቭ ቃሉን አያጥፍም፦
«ሄክታሩ ሁለት መቶ ካልሞላ፣ መሻገሪያ የለም።»
ክፉ ሰው አይደለም። ገንዘብ ከየት ይምጣ?
ድልድይ እንደ እንጉዳይ ዝናብ ስለጣለ አይወጣ።

እናም የኛ ሰፈር፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
ቢጫ ሆኖ ወጣ፣ የሰው ያለህ፣ ባዶ።

ሳቅሁ መጀመሪያ። እኔ አላውቀውምን?
ፔታሕ ቲክቫ ውስጥ፣ ያደግሁበትን?
ሦስተኛው ፎቅ ላይ አሥራ አራት ጫማ በአንድ በር ደጃፍ፤
የሕፃን ጋሪና ብስክሌት ደረጃው ስር ሲተቃቀፍ፤
የአንዱ ሳል በስስ ግድግዳ የሌላውን እንቅልፍ ሲቀጥፍ።

ምድር ቤት ያለችው ራይሳ፣ ሰባ ስምንት ዓመቷ፣
ጋሪዋን እየጎተተች ስትወጣ ከቤቷ፣
ክቡ «ሦስት መቶ አርባ ሜትር ነው» ይላታል፤
እግሯ ግን ግንቡን ዞሮ፣ ማደያውን ዞሮ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ይቆጥራል።
ክብ ለወፍ ነው ልኩ።
ራይሳ ወፍ አይደለችም።

አርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ እናቴን ጠየቅኋት፦
«ያቺ ቆጣሪዋ ልጅ መጥታ ነበር? ምን አልሻት?»
«መጥታ ነበር። ቀጭን፣ ፊቷ ደግ፤ ውሃ ሰጠኋት።
ሁለት ነን አልኋት።»
«እማዬ! ሰባት ናችሁ! ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ...»
«ለጎረቤቱም ነግሬያለሁ፤ አሳንሱ ብያለሁ።»
ቢላዋዋን አላስቀመጠችም። ሽንኩርቱን እየከተፈች፦
«የተቆጠረ ይጎድላል፣ ልጄ። እዚያ ሱዳን፣ ድንኳኑ ደጅ፣
አንድ ሰውዬ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ፣ በጣቱ እየነካ እያንዳንዱን ልጅ፣
ዘጠኝ ብሎ ጻፈን።
በሳምንቱ ስምንት ሆንን። ክረምቱ ሳይወጣ ስድስት።
ከዚያ ወዲህ እርሳስ ለያዘ ሰው እውነት ነግሬ አላውቅም።»

በመታወቂያዬ ሊአት እባላለሁ፤ በእሷ አፍ ፈንታነሽ።
በማን ፈንታ? ብዬ
ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠይቄያት አላውቅም።
ያን ማታም አልጠየቅኋት።
ሳህን ስታቀርብ ሳትቆጥር ነው፤ ሁሌ አንድ ይተርፋል።

ሰው መቁጠርና ሰውን ከቁብ መቁጠር
በቋንቋችን አንድ ግስ ነው፤
በካርታዬ ግን በሁለቱ መካከል ሐዲድ ያልፋል፣
መሻገሪያ የለውም።

እሑድ ጠዋት ከራይሳ ጋር በእግሬ ሄድሁ፣
ስልኬ እርምጃዋን እየመዘገበ።
ሁለት ጊዜ አረፈች፦ አንዴ ግንቡ ጥላ፣ አንዴ የማደያው ወንበር ላይ።
መንገዷን ካርታው ላይ ሳሰፍረው
ክቡ እንደ ተነፈሰ ኳስ በአንድ ጎኑ ጎደጎደ።
የእናቴን ሁለት ግን አልነካሁትም። ከሕንፃው ድምር ውስጥ
ተደብቆ ተቀምጧል። በእኔ እጅ አይታረም፤
ቢታረምም አላርመውም።

ያኒቭ አጎንብሶ አየ። «ይሄ ጅራት የመሰለው መስመር ምንድነው?»
«ራይሳ ናት» አልሁት። «ትንሿ ጎማ ዘይት ትፈልጋለች።»

ሰፈሩ ገና ቢጫ ነው።